«ደሙ ካልወረደ ሆዴ ውስጥ አይቋጠርም ወይ?»፦ ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሆርሞን ሕክምና ከሞጣ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «26 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሞጣ ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ገና አልወለድኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ የወር አበባዬ ሲመጣ ከአልጋ አልነሳም። ባህር ዳር ሄጄ በአልትራሳውንድ ስታይ በግራ ኦቫሪዬ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ‹ቸኮሌት ሲስት› እንዳለና በሽታው ኢንዶሜትሪዮሲስ እንደሚባል ነገሩኝ። ባለ 5 ሚሊ ግራም ኖርኢቲስተሮን በቀን አንድ፣ ለስድስት ወር ታዘዘልኝ። አሁን ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ቁርጠቱ ቀንሷል፤ ግን በየቀኑ ጠብ ጠብ የሚል ደም አለኝ፣ ፊቴ በብጉር ተሞላ፣ ራሴን ያመኛል፣ በትንሽ በትልቁ ሆድ ይብሰኛል። አማቴ ‹ደሙ ካልወረደ ሆድሽ ውስጥ ይቋጠራል፣ ማህፀንሽንም ያደርቀዋል› ይሉኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጠውን የሦስት ወር መርፌ ተወጊ ትለኛለች። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ልጅ እፈልጋለሁ። ሁዳዴም እየደረሰ ነው። ልቀጥል ወይስ ላቁመው?»

ምላሽ፦ አታቁሚው። ስድስት ሳምንት ይህን መድኃኒት ለመመዘን አይበቃም። ከጻፍሻቸው ችግሮች አብዛኞቹ በመጀመሪያው ሦስት ወር የሚጠበቁና የሚበርዱ ናቸው። ሳይውል ሳያድር መታየት ያለበት የራስ ምታቱ ነው፤ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደም ግፊትሽን ተለኪ። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን የአማትሽን ስጋት ልመልስ፤ ብዙ ሴቶች ሕክምናቸውን የሚያቋርጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል አካል ከማህፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ በሽታ ነው። የሴት እንቁላል በሚያፈራው ኦቫሪ ላይ፣ ከማህፀን ጀርባ፣ በአንጀት ወይም በሽንት ፊኛ ላይ ሊበቅል ይችላል። በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ አሥር ሴቶች አንዷን ገደማ ይይዛል፤ እርግማንም የጠባይ ጉድለትም አይደለም። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በየወሩ የማህፀንን ሽፋን እንደሚያወፍረው ሁሉ ይህንንም ያወፍረዋል። በማህፀን ውስጥ ያለው ሽፋን ሲደማ መውጫ በር አለው፤ ውጭ የበቀለው ግን የለውም። ስለዚህ የደማበትን ቦታ ያስቆጣል፣ ያቆስላል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ አንዱን አካል ከሌላው ጋር ያጣብቃል። ኦቫሪ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ደሙ ወር በወር እየተጠራቀመ ይጠቁራል፣ ይወፍራል። «ቸኮሌት ሲስት» ያሉሽ ይህ ነው። እንግዲህ በአንቺ ሆድ ውስጥ ደም ተቋጥሯል ከተባለ የቋጠረው ኪኒኑ አይደለም፤ ለዓመታት በየወሩ የመጣው የወር አበባ ነው። አማትሽ የፈሩት ነገር በእርግጥ አለ፤ ያመጣው ግን መድኃኒቱ ሳይሆን መድኃኒቱ የሚያስቆመው በሽታ ነው።

ኖርኢቲስተሮን ፕሮጄስትሮን የተባለውን የሴት ሆርሞን ከሚመስሉት፣ ፕሮጄስቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ነው። ኦቫሪሽን ያሳርፋል፣ የኤስትሮጅንን መጠን ያወርዳል፣ የማህፀንሽን ሽፋንም በውጭ የበቀለውንም ያሳሳል። ሽፋኑ ካልወፈረ የሚወርድ ደም አይሠራም። በላይ ዝናብ ሳይዘንብ ቆይቶ ወንዙ ቢጎድል ውኃው የት ተደበቀ ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ የለም፤ ይህም እንደዚያው ነው። «ማህፀን ያደርቃል» የሚለውም ልክ አይደለም። ኪኒኑ ሲቆም ሽፋኑ እንደገና ያድጋል፣ የወር አበባም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ይመለሳል። አማትሽን ይዘሻቸው ብትሄጂና ሐኪሙ ራሱ ቢያስረዳቸው ደግሞ ቤት ውስጥ የምትከራከሪው ነገር አይኖርም።

የሚቀጥለውን ደግሞ ሳላለሳልስ ልንገርሽ። ይህ ሕክምና በሽታውን ያስተኛዋል እንጂ ነቅሎ አያወጣውም። «ለስድስት ወር» መባሉ እንደ ወባ መድኃኒት ሲያልቅ ትድኛለሽ ማለት አይደለም፤ ስድስት ወር ስትደርሺ ምን ለውጥ እንዳመጣ ይታያል ማለት ነው። 4 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሲስት ሊያንስ ወይም ባለበት ሊቆም ይችላል፤ ጨርሶ ይጠፋል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ኪኒኑ ከቆመ ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ከተስማማሽ ልጅ ለመፀነስ እስከምትነሺበት ጊዜ ድረስ፣ በሐኪም ክትትል፣ ከስድስት ወሩም አልፈሽ ልትወስጂው ትችያለሽ።

አሁን ወደ ጠብታው። የሳሳው ሽፋን ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች በቀላሉ ይሰነጠቃሉ፤ ጠብ የሚለው ደም ከዚያ ነው የሚመጣው። ቁርጠትሽ ቀንሶ ጠብታ መኖሩ መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው እንጂ መክሸፉን አያሳይም። ያም ሆኖ ዝም ብለሽ እንድትችዪው አልመክርም፤ የሚደረግ ነገር አለ። ከሁሉ በፊት ሰዓትሽን አጥብቂ። ዛሬ ጧት፣ ነገ ማታ፣ ከነገ ወዲያ ተረስቶ ከሆነ በደምሽ ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሽፋኑም ወዲያው ይደማል። ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ልትተኚ ስትይ፣ በስልክሽ ደወል አስታዋሽ አድርጊና አንድ ሰዓት ላይ ጽኚ። ከረሳሽ እንዳስታወስሽ አንዱን ውሰጂ፤ የሚቀጥለውን በመደበኛ ሰዓቱ። ሁለት ደርበሽ አትዋጪ። ከዋጥሽ በኋላ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ግን ሌላ አንድ ውሰጂ።

ሁለተኛው እርምጃ አይቡፕሮፌን ነው፤ 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ምግብ ከበላሽ በኋላ፣ ለአምስት ቀን ብቻ። ጠብታውንም የቀረውንም ሕመም ያበርዳል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ ወይም በአስፕሪን የሚነሳ አስም ካለብሽ አትንኪው። አይቡፕሮፌን ራሱ ግፊት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ግፊትሽ ሳይለካ አትጀምሪ። 12 ሳምንት ሞልቶም ጠብታው ካልቆመ መጠኑን በቀን ወደ 10 ሚሊ ግራም ማሳደግ የተለመደ ነው፤ ይህን ግን የሚወስነው ሐኪምሽ ነው። በራስሽ አትጨምሪ፤ መጠኑ ሲያድግ የደም መርጋት ስጋትም አብሮ ያድጋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የዚህን ኪኒን ጉልበት ይሰብራሉ። ከእነዚህ አንዱን የምትወስጂ ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ተናገሪ።

ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በየቀኑ ሁለት ምልክት አድርጊ። ለጠብታ «ጠ»፣ ሞዴስ ለሚያረጥብ ደም «ደ»፣ ምንም ከሌለ ባዶ ተዪው። ከጎኑ ሕመምሽን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ጻፊ። በ12ኛው ሳምንት ያንን ወረቀት ይዘሽ ስትገቢ ሐኪሙ በአንድ ዓይን እይታ «ጠ» እየሳሳ፣ ቁጥሩ ከ8 ወደ 3 እየወረደ መሆኑን ያያል። «አሁንም ይደማኛል» ከሚል ቃል ይልቅ ይህ ወረቀት ለውሳኔ ይረዳል።

ብዙ ሴቶች የሚያፍሩበትና የማይጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ ጠብታው በየቀኑ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን መግባት፣ መቁረብ እንዴት ይሆናል የሚለው። በሕክምና በኩል ይህ የወር አበባ አይደለም፤ በመድኃኒት ምክንያት ከሳሳ ሽፋን የሚመጣ ደም ነው። ይህንኑ ለንስሐ አባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው፤ የሥርዓቱን ነገር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሳትጠይቂ ቀርተሽ ለመሳለም ብለሽ ኪኒኑን ለሳምንት ማቋረጥ ግን ትልቅ ስህተት ነው፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ጠብታ ሳይሆን ሙሉ የወር አበባ ነው፣ ሕመሙንም ይዞት ይመጣል። ጠበል ለመጠመቅ የሚሄዱም እንዲሁ ኪኒኑን ይዘው ይሂዱ።

ጾሙን በተመለከተ ኪኒኑ ማታ ከተወሰደ ከሁዳዴ ጋር አይጋጭም። አይቡፕሮፌን ግን በባዶ ሆድ አይሆንም፤ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ጧት የምትወስጂው ፍሬ ጨጓራሽን ይጎዳዋል። አምስቱን ቀን ጾም ሳይገባ ጨርሺያቸው፤ ካልሆነም ስለ ሕመምሽ ለንስሐ አባትሽ ተናገሪና በልተሽ ውሰጂ። ለዓመታት ብዙ ደም ሲፈስሽ ከኖረ የደም ማነስ መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው ሂሞግሎቢንሽም ይታይ። አይረን ከታዘዘልሽ ከቡና ጋር አትውሰጂው፤ ቡናና ሻይ አይረን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራራቁ። ምስር ወጥሽ ላይ ሎሚ ብትጨምቂበት ደግሞ በጾም ምግብ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነትሽ በተሻለ ይቀበለዋል።

ብጉሩ የመጣው ኖርኢቲስተሮን ከወንድ ሆርሞን ጋር የቀረበ ዝምድና ስላለው ነው፤ የቆዳን ቅባት ይጨምራል። ፊትሽን በቀን ሁለት ጊዜ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ታጠቢ፣ ፀጉርሽን የምትቀቢው ቅባት ግንባርሽ ላይ እንዳይወርድ ተጠንቀቂ፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 ወይም 5 በመቶ የሆነውን ማታ ማታ በስሱ ተቀቢ። ለውጡን ለማየት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። ሱቅ ላይ «ፊት ያጠራል» እየተባሉ የሚሸጡትን ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለባቸውን ክሬሞች በፍጹም እንዳትነኪ። ለሳምንት ያማልላሉ፣ ከዚያ ቆዳውን ያሳሱታል፣ ብጉሩንም ያባብሱታል።

የራስ ምታት በሆርሞን መለዋወጥ ሊመጣና በሁለት ሦስት ወር ሊጠፋ ይችላል። ግፊትሽ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በሌላ ቀን ይደገምና ሐኪምሽ ይወቀው። ራስ ምታቱ ከመምጣቱ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭልጭ የሚል ወይም የሚጋርድ ነገር ከታየሽ ያንን ለይተሽ ተናገሪ፤ ቀጥሎ ለሚመረጠው መድኃኒት ወሳኝ ነው። ሆድ መባሱም ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ አንቺ የፈጠርሽው ነገር አይደለም፣ ደካማም አይደለሽም። ባልሽ ከአሁኑ ይወቀው፤ ዝምታሽንና ንዴትሽን ጥላቻ አድርጎ እንዳይቆጥረው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሐኪምሽ ጋ ሄደሽ መድኃኒቱ ይቀየርልሽ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ኪኒኑን አቁሚና በዚያው ቀን፣ የምታምኚውን ሰው አስከትለሽ፣ ሆስፒታል ሂጂ።

ስለ ጓደኛሽ ምክር፦ የሦስት ወሩ መርፌ፣ ዴፖ የሚባለው፣ ለዚህ በሽታ ይሠራል፣ ሕመምንም በደንብ ያስታግሳል። ልጆቿን ወልዳ ለጨረሰች፣ መድኃኒት ቤት ለራቃት ሴት ጥሩ ምርጫ ነው። ለአንቺ ግን አይሆንም። አንዴ ከተወጋሽ መልሶ ማውጣት የለም፤ ብጉሩም የሆድ መባሱም ቢከፋብሽ ሦስት ወር መጠበቅ ነው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ደግሞ ለመፀነስ በአማካይ አሥር ወር ያህል ይፈጃል። መካን አያደርግም፣ ያዘገያል እንጂ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ልጅ ለምትፈልግ ሴት ይህ መዘግየት ከባድ ነው። ክብደት መጨመሩና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ማሳሳቱም ተጨምሮበት።

ኖርኢቲስተሮን ሦስት ወር ሞልቶት ካልተስማማሽ ለአንቺ የምመርጠው ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን ሁለቱም ያሉበትን የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ያለማቋረጥ መውሰድ ነው። ባለ 28 ፍሬ ከሆነው ፓኬት ሆርሞን ያለባቸው 21ዱ ናቸው፤ ቀሪዎቹ ሰባቱ ቀለማቸው የተለየ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይረን ናቸው። 21ዱን ስትጨርሺ ሰባቱን ትተሽ በማግስቱ ሌላ ፓኬት ትጀምሪያለሽ፤ ደም እንዳይመጣ የሚያደርገው ይህ ነው። በዚህ አካሄድ በዓመት 13 ሳይሆን 17 ወይም 18 ፓኬት ይፈጃል። ጤና ጣቢያ ስትወስጂ «ለኢንዶሜትሪዮሲስ ያለ እረፍት የምወስደው ነው» ብለሽ ንገሪያቸው፤ አለዚያ ቶሎ ተመለሰች ብለው ሊመልሱሽ ይችላሉ። ነገር ግን ግፊት ላለባት፣ ዓይን ላይ ብልጭታ የሚቀድመው ራስ ምታት ላለባት፣ ደም ረግቶባት ለሚያውቅ፣ የጉበት በሽታ ላለባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን አይሰጥም። የራስ ምታትሽን አስቀድመሽ አጣሪ ያልኩሽ ለዚህም ጭምር ነው።

ክንድ ላይ የሚቀበረው የእርግዝና መከላከያ ሌላ አማራጭ ነው፤ ሲወጣ የመፀነስ ችሎታ ቶሎ ይመለሳል፣ ጠብታ ግን እሱም ያመጣል። ዲኖጀስት የሚባለው በቀን 2 ሚሊ ግራም የሚወሰድ ኪኒን ከተገኘና አቅም ከፈቀደ ብጉሩ ላይ ይሻላል። በሉፕ በኩል ግን አንድ ነገር ለይተሽ እወቂ። ለዚህ በሽታ የሚረዳው ሆርሞን የሚለቀው ሉፕ ነው፤ በጤና ጣቢያዎች የተለመደው ግን የመዳብ ሉፕ ነው፣ እሱ ደሙንም ቁርጠቱንም ያባብሳል። «ሉፕ ጥሩ ነው አሉኝ» ብለሽ ዝም ብለሽ አታስገቢ። ኦቫሪን ጨርሶ የሚያስተኙት መርፌዎች ደግሞ እንደ ማረጥ ያለ ወበቅ ያመጣሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ፤ ሌላው ሁሉ ሲያቅት፣ አጥንት የሚጠብቅ ሆርሞን ታክሎባቸው የሚሰጡ ናቸው።

መድኃኒቱን ስትገዢ የሚፈጠር ስህተት አለ። ባለ 5 ሚሊ ግራም ኖርኢቲስተሮን ሞጣ ካልተገኘ «ያው ነው» ተብሎ 0.35 ሚሊ ግራም የሆነው ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው ኪኒን ሊሰጥሽ ይችላል። ስሙ አንድ ነው፤ መጠኑ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል፣ ሕመምሽንም አይዘውም። ከግንኙነት በኋላ በአስቸኳይ የሚወሰደው ፖስትፒልም ምትክ አይሆንም። ማሸጊያው ላይ የመድኃኒቱን ስምና የሚሊ ግራሙን ቁጥር አንብቢ፤ አሥር ፍሬ ሲቀርሽ ከባህር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ የሚቀጥለውን አስመጪ።

ቀዶ ሕክምናን አሁን አልመክርሽም። ሲስቱ ሲወጣ ጤነኛ የኦቫሪ ክፍልም አብሮ ይነካል፣ የእንቁላል ክምችትሽም ሊቀንስ ይችላል፤ ልጅ ላልወለደች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲስቱ ካደገ፣ በውስጡ ጠጣር ነገር ከታየ፣ ሕመሙ በመድኃኒት አልያዝ ካለ፣ ወይም እርግዝና እምቢ ካለ በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ እየታየ፣ መሠራቱ ይታሰባል። በመርፌ ይቀዳልሽ የሚል ካለ እምቢ በዪ፤ ተመልሶ ይሞላል፣ ኢንፌክሽንም ሊያስገባ ይችላል።

ስለ ልጅ። የሆርሞን ሕክምና የመፀነስ ዕድልን አያሳድግም፣ አይገድልምም። ኪኒኑን ሦስት ዓመት ብትወስጂ «ማህፀን አረፈ» ተብሎ የሚጨመር ዕድል የለም፤ ስለዚህ ዝግጁ ስትሆኚ አትዘግዪ። አርግዣለሁ ብለሽ ባሰብሽ ጊዜ ምርመራ ሳታደርጊ ኪኒኑን አትቀጥዪ። ይህ ባለ 5 ሚሊ ግራም ኪኒን በመከላከያነት የተመዘገበ ስላልሆነ እስከዚያው ኮንዶም ተጠቀሙ። ጊዜው ሲደርስ ኪኒኑን አቁመሽ ስድስት ወር ሞክሩ፤ ካልሆነ ዓመት ሙሉ አትጠብቁ፣ አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ባልሽም በዚያው ቀን ይመርመር። ይህ በሽታ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ያለ ምንም እርዳታ ይወልዳሉ። «ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚለው ግን ተስፋ እንጂ ሕክምና አይደለም፤ በእርግዝና ጊዜ ይበርዳል፣ ከወሊድ በኋላ በብዙዎች ላይ ይመለሳል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። ድንገት በአንድ ጎን የሚመጣና ማስመለስ ወይም ትኩሳት ያለው ከባድ ሕመም ሲስቱ መፈንዳቱን ወይም ኦቫሪው መጠምዘዙን ሊያሳይ ይችላል። የአንድ እግር ባት ማበጥና መሞቅ፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን መጋረድ ጋር፣ የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ ኪኒኑን አቁመሽ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂጂ። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት እየሞላ ሁለት ሰዓት ከቀጠለም እንዲሁ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ግፊትሽን ተለኪ፣ ኪኒኑን ከምሽቱ 3 ሰዓት አድርጊው፣ ምልክት ማድረግም ዛሬ ማታ ጀምሪ። በ12ኛው ሳምንት ወረቀቱን ይዘሽ ሐኪምሽ ዘንድ ቅረቢ። በስድስተኛው ወር አልትራሳውንዱ ሲደገም የመጀመሪያውን ውጤት ይዘሽ ሂጂ፤ ሲስቱ አደገ ወይስ አነሰ የሚለው የሚታወቀው ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ነው።